ወደ ሰማይ የሚወጣው ደረጃችን

ሙሄዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሆነ፤ ሁለተኛው ረመዳንም ያለ አንተ አለፈ። መቃብርህ ድረስ መጥቼ ሰላም እንዳልልህ ይህ የሳዑዲ አገር ሴትን ወደ መቃብር አያስጠጋም። የተኛህበትን ቦታ የማውቀው አሠሪያችን፣ ካፊላችን፣ ከመኪናው መስኮት እጁን ዘርግቶ ባሳየኝ አቅጣጫ ብቻ ነው። በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር ፋቲሃ እቀራልሃለሁ። ዛሬ የምነግርህ ግን ከፋቲሃ ስለሚረዝም እስክሪብቶ ያዝኩ። ወደ አገሬ ልገባ ነው። የመጨረሻ መውጫዬ፣ ኹሩጄ፣ ተመትቷል፤ ሻንጣዬም አፉን ከፍቶ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ከመሄዴ በፊት የኮምቦልቻው ቤታችን ምን እንደሆነ ከእኔ እንድትሰማ ፈለግሁ፤ ወንድምህ እንድሪስ በዱዓው ቀድሞኝ ከሶኝ ሊሆን ይችላልና።

መጀመሪያ የዚህን ቤት ወሬ ልንገርህ። ማዳም መኪና ትነዳለች። መሳቅህ አይቀርም፣ ሳቅ። ከአንተ በኋላ የመጣው ሾፌር ብዙ ሳይቆይ ሄደ፤ ሴቶች ይንዱ የተባለ ጊዜ ማዳም ተምራ መንጃ ፈቃድ አወጣች። አንተ በአንድ እጅህ እያዞርክ የምታስገባውን መኪና እሷ ግቢ እስክታስገባው የእኔ ሩዝ ይበስላል። የበሩን ዓምድ ግራና ቀኙን ልጣዋለች። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ፣ አንተ እንግዳ ሲመጣ ታደርገው እንደነበረው፣ “ተዓሊ፣ ተዓሊ፣ ኸላስ” እያልኩ ሳስገባት ሞተሩን አጥፍታ ሳትወርድ ቀረች። ከዚያ “አላህ የርሐሙ”፣ አላህ ይዘንለት፣ አለች። ስምህን አልጠራችም፤ እኔም አልጠራሁም። እሷ ወደ ሳሎን፣ እኔ ወደ ወጥ ቤት ገባን።

ግቢው ጥግ ያለችው የሾፌር ክፍላችን አሁን የአሮጌ ምንጣፍና የተሰበረ ብስክሌት ማስቀመጫ ሆናለች። እኔ ወጥ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ክፍል ተዛውሬአለሁ። የሐዘን ወራቴን፣ ዒዳዬን፣ የጨረስኩትም እዚያው ነው። ያን ሰሞን ማዳም ውጭ አልላከችኝም፣ እንግዳ ፊትም አልጠራችኝም፤ ይህን ውለታዋን አልረሳም። ትንሹ ፈሃድ ጺም ሊያወጣ ምንም አልቀረው። ድሮ ትምህርት ቤት ስታደርሰው መሪውን ታስነካው ስለነበር፣ እናቱ ስትነዳ ከጎኗ ተቀምጦ “ሙሐመድ እንዲህ አያደርግም ነበር” እያለ ያበሽቃታል። ሰፈራችን አል ፈይሰሊያ እንዳለች ናት። ፋርማሲው ጥግ የነበረው ዳቦ ቤት ብቻ ተዘግቷል።

ይዤው የምሄደው ዕቃ ብዙ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሜ ሻንጣ ውስጥ ያስገባሁት የተረት ጣሳችንን ነው። ማዳም አይታ፣ ይህን የዛገ የወተት ጣሳ ጥይው፣ አዲስ ቆርቆሮ እሰጥሻለሁ አለችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? በዐረብኛ የሚሆንልኝ አልመሰለኝም።

አንተ የባቲ ነጋዴ ልጅ፣ እኔ የሐይቅ ገበሬ ልጅ። ስንጋባ ከየአባታችን ቤት ይዘን የመጣነው ሀብት ተረትና ምሳሌ ብቻ ነበር፣ እሱም አልተስማማም። በአባትህ ቤት ብር ማለት የሚዞር፣ የሚወጣ፣ የሚገባ ነገር ነው። “ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” ይሉ እንደነበር መቶ ጊዜ ነግረኸኛል። በአባቴ ቤት ደግሞ ብር ለክፉ ቀን ጎተራ የሚገባ እህል ነው። የእኛ ቤት ምግብም መፈክርም “ጎመን በጤና” ነበር። አባቴ ማረሻው ሲሰበር እንኳ ብረቱን አይጥልም፤ ወይ የበር መወርወሪያ ያደርገዋል፣ ወይ ማጭድ ያስቀጠቅጠዋል። አንተ ይህን ስነግርህ “ስለዚህ ነው እኔን ያልጣልሽኝ” ትል ነበር።

አርብ አርብ ካፊላችን ሲፈቅድልን ወደ ኹበር የምንወርደውን አስታወስክ? ባሕሩ ዳር እንደተቀመጥን እኔ ከቤት የያዝኩትን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጣለሁ። አንተ የዓሣ ጥብሱ ሽታ ወደሚመጣበት ዞረህ “ዓለም አላፊ፣ መልክ ረጋፊ” ትላለህ። እኔ “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” እላለሁ። አንተ “ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም” ብለህ ትነሳለህ። ይህችም ከአባትህ የወረስካት ናት፤ ገበያ ከስረው በገቡ ቁጥር እየደጋገሙ ይሏት ነበር ብለኸኛል። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዓሣውን ገዝተህ ትመጣለህ፣ እንቁላሉንም አንተው ትበላዋለህ።

ተረት ግን ክፉ ጎን አለው። ሰው ምክንያት ሲያልቅበት የአባቱን ተረት ይመዛል፤ ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍት ሁሉ ከሽማግሌ ጋር የሚሟገት ባለጌ ይመስላል። አንድ ጊዜ እኔ እንዲህ አድርጌ ሁለት ቀን ያህል ዝም አሰኘሁህ። በሦስተኛው የማዳምን ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አንስተህ ክዳኑን በቢላ ቀደድክና ሕግ አወጣህ። ተረት ተርቶ የሌላውን አፍ የዘጋ ሰው ሪያል ይጥላል። ተከራክሮ ያሸነፈ አይከፍልም፣ በተረት ያሸነፈ ግን ይከፍላል። ሳልወድ ተስማማሁ። ለዒድ ጣሳዋን እየከፈትን ከኹበር አል ጀኑቢያ ሱቆች እናቴ ዘንድ ለተውናት ለሐያት ልብስ ገዛን። ልጃችን በየዓመቱ የለበሰችው የእናትና አባቷን ንትርክ ነው።

በመጣን ዓመት ያየነውን ግን ሁለታችንም ልንረሳው አልቻልንም። ወረቀት የሌላቸው ወገኖቻችን፣ በየመን በኩል በረሃና ባሕር አቋርጠው የመጡት ልጆች፣ እየተሰበሰቡ ሲመለሱ አየን። እኛ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ኢቃማችን፣ ኪሳችን ውስጥ ስለነበር ዳር ቆመን ነው ያየነው። ስንት ጊዜ የሠራ ሰው አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ሄደ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አንተ፣ ሰው ሠርቶ የሚታይ ነገር ካላቆመ የሠራው ሁሉ ይነጠቃል፣ ቤት መሥራት አለብን አልከኝ። እኔ ደግሞ፣ ሰው በእጁ ትንሽ ነገር ካልያዘ የትም ይወድቃል፣ መያዝ አለብን አልኩህ። አንድ ነገር አይተን ሁለት ትምህርት ይዘን ገባን። የዚያን ዕለት ማናችንም ተረት አልተረትንም፣ የምንቀልድበት ነገር አልነበረም።

የኮምቦልቻውን መሬት ስንገዛ ግን ተስማምተን ነበር። ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ በመንገዱ በኩል አንድ የሥራ ክፍል፣ ከላይ ቆርቆሮ። መሠረቱ እንደወጣ ከጅዳ የተመለሰው ጎረቤታችን ፎቅ ጀመረ። እንድሪስ ደውሎ፣ የአንተ ቤት በሱ ጥላ ሥር ሊውል ነው ወይ አለህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አለህ። እኔ “እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር” ብዬ ሪያል ጣልኩ። “በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ” ብዬም ወንድሞችህን አማሁና ሌላ ጣልኩ። አንተ ሳትናደድ “ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” ብለህ ሪያልህን ከጣልክ በኋላ ፎቅ ይሁን ብለህ ለእንድሪስ ደወልክ። የተሸነፍኩበት ትልቁ ክርክር ይህ ነው።

እንግዲህ ለፎቁ ሲባል ዓምዱ፣ ኮለኑ፣ ወፈረ፣ በቆርቆሮው ፈንታ የሲሚንቶ ጣሪያ፣ ሶሌታ፣ ተሞላ፣ ከውጭ በኩልም ደረጃ ተሠራ። ደረጃው ከሁሉ ቀድሞ አለቀ። እንድሪስ በስልክ ፎቶውን ሲልክልን ሾፌር ክፍላችን ውስጥ ተቀምጠን አየነው። ሶሌታው ላይ ለሚቀጥለው ፎቅ የተተዉት የፌሮ ብረቶች እንደ በቆሎ አገዳ ቆመዋል፣ ደረጃው ወጥቶ ወጥቶ ሰማይ ላይ ያበቃል። አንተ ፎቶውን በጣትህ እያሰፋህ፣ እዚህ ጋ በረንዳ፣ እዚህ ጋ የሐያት ክፍል ትለኝ ነበር። ወላሂ ያን ጊዜ እኔም አየሁት። ስትናገር ሰው ታሳምናለህ።

ከዚያ አንድ ቀን የልጆቹን መውጫ እየጠበቅህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረትህን ያዝክ። ሆስፒታል ስደርስ ዶክተሩ ለካፊላችን በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ካፊላችን ወደ እኔ ዞረ። “ያ መዲና” ብሎ ቆመ። አንተ መንገድ ላይ እያለህ የምትደውልልኝ ሰዓት ነበር፣ ስልኬን በእጄ ይዣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለአንተም መንገር አልፈልግም። በጣም ናፍቀኸኛል፤ ይህን በተረት መሸፋፈን አልችልም። አንዳንድ ቀን ማዳም የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ስትጥል ድምፁን ሰምቼ እዞራለሁ።

ካፊላችን የአገልግሎት ገንዘብህን ሳያጓድል ከፈለ። በአገር ቤትም ሽማግሌዎች ተቀምጠው የውርሱን ነገር ጨረሱ። እንድሪስና ወንድሞችህ ከቤቱ የሚደርሳቸውን ድርሻ ለሐያት ተዉላት። ይህን አልክድም፣ ትልቅ ነገር ነው ያደረጉት። ግን እንድሪስ በየሳምንቱ እየደወለ አንድ ነገር ይለኝ ጀመር። ፎቁ ይለቅ፣ የወንድሜ ስም መሃል መንገድ ላይ አይቅር፣ ሦስት አራት ዓመት ብትሠሪ ያልቃል። ክፋት የለበትም። ሲናገር ድምፁ ይሰበራል። እኔም እሺ እላለሁ፣ ስልኩን ስዘጋ ግን በሆዴ እነዚያን ሦስት አራት ዓመታት ከማን ልጅ ዕድሜ ላይ ነው የምቀንሳቸው እል ነበር።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ገባሁ። ሐምሌ ነበር። ቤቱ ውስጥ እናቴና ሐያት ይኖራሉ፤ ሳሎኑ መሃል ሳፋ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ባልዲ፣ የሐያት አልጋ ጫፍ ላይ ድስት ተቀምጧል። ሶሌታው ውኃ ያቁራል፣ ያቆረውን ወደ ታች ይለቃል። ፎቁ እስኪሠራ ክዳን አያስፈልግም ተብሎ፣ ላልተሠራ ፎቅ ሲባል የተሠራው ቤት ያፈሳል። እናቴ ስትናገር እንዳላዝን ብላ፣ ውኃው ልብስ ለማጠብ ይሆነናል አለች። እሷም የአባቴ ሚስት ናት፣ የሚጣል ነገር አታውቅም።

ሐያት አድጋለች ሙሄ። ቅንድቧ ያንተ ነው፣ ሙግቷም ያንተ ነው። ዳዴ ስትል የተውናት ልጅ አሁን እያነበበች ነው። እማ የምትለው እናቴን ነው። እኔን “መዲና” ትለኛለች፣ በስልክ ሰው ሁሉ ሲጠራኝ እንደሰማችው። ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ደብተሯን ይዛ ደረጃው ላይ ትወጣና መጨረሻው እርከን ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። እግራችን ሥር ጓሮው ነው፣ ከፊታችን ፌሮውና ዝናብ ያቆረው ሶሌታ። ቤቱን ታስጎበኘኝ ጀመር። ላይኛው የአባ ቤት ነው አለችኝ፣ ሲያልቅ ነው እንጂ። ታችኛው የእማ ቤት ነው። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ያንቺስ ቤት የት ነው አለችኝ። ለክፋት አይደለም፣ ልጅ ስለሆነች እንደ ሒሳብ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ።

ደማም አልኳት። እሺ ብላ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እኔ ግን ያቺን ቃል ከአፌ ካወጣሁ በኋላ መልሼ መዋጥ አልቻልኩም።

በዚያው ሳምንት እንድሪስ ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። ሳሎን ተቀመጥን፣ ሳፋው መሃላችን ነው። ምክንያቴን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ፌሮው ይቆረጥ፣ ሶሌታው ላይ ቆርቆሮ ይልበስ፣ በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል የልብስ ስፌት ትሁን። መስፋት ተምሬአለሁ፤ ኹበር አል ጀኑቢያ የምትኖረው የከሚሴዋ ጓደኛዬ ዘይነብ አርብ አርብ አስተምራኛለች፣ አንተ ውጭ መኪና ውስጥ እያንቀላፋህ የጠበቅከኝ ያን ጊዜ ነው። እቁቤም የሚወጣው እሷ ቤት ነው፣ እሱ ሲደርሰኝ መኪኖቹን እገዛለሁ፣ ውሌን ጨርሼ እገባለሁ አልኩ። ፎቁ አይሠራም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከምክንያት ጋር ጠብ አልነበራቸውም።

እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ያነሳው ምክንያት አልነበረም። አባታችን ይሉ እንደነበረው አለ፣ “ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ።” ደረጃውን በመስኮት አየት አደረገ።  ታውቃለህ፣ ከዚያ በኋላ የሟች አባት ቃል ላይ የሚናገር ምራት የለም። እናቴ እንኳ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ወደ ሳፋው የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማ ነበር። እኔ የአባቴን ተረቶች ሁሉ በሆዴ አገላበጥኩ፤ ጎመን በጤና ልበል፣ የቆጡን አወርድ ብላ ልበል። እነዚያን ብናገር ግን የገበሬ ልጅ የነጋዴን ቤት ሰደበች ነው የሚሆነው። ያን ጊዜ አንተ መጣህልኝ፣ ዓሣ ልትገዛ ስትነሳ የነበረው ዓይነት ፊትህ።

ጋሼ እንድሪስ፣ አልኩት፣ “ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም” ይሉ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። ሙሄ የነበረውን ወርውሯል። ጉልበቱንም፣ እንቅልፉንም፣ ዕድሜውንም እዚህ ቤት ላይ ወርውሯል፣ የደረሰውም እዚህ ድረስ ነው። ያልጨረሰ ነው እያላችሁ ስሙን አታንሱ። የወረወረ ነው በሉት። ስለ ወንድምህ የሚያሳፍር ነገር የለም፣ ቤቱም እሱ ያደረሰበት ላይ ክዳን ይልበስ።

እንድሪስ አለቀሰ፣ ያን የመሰለ ረጅም ሰው። በቀብርህ ቀን እዚህ ስላልነበረ ያላለቀሰውን ሁሉ ይመስለኛል ያን ቀን ያለቀሰው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዱዓ አደረገና ተነሳን። እንድሪስ በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ፌሮውን ሲቆርጡ እኔ አልቆምም አለኝ። አትቁም አልኩት። እኔም ብሆን ልቆም አልችልም ነበር፤ ማለዳ ተነስተው ሲቆርጡት እኔ ተመልሼ ደማም ነበርኩ።

በኋላ ግን እሱው ቆመ። ሠራተኞቹ ሥራ ሲያበላሹበት አይችልም፣ ታውቀዋለህ። ፌሮው እንደተቆረጠ ደውሎ፣ ብረቱ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ ልሽጠው ወይ አለኝ። አይሸጥም አልኩት። የአባቴ ማረሻ ትዝ አለኝ። ብየዳ ቤት ውሰደውና በመንገዱ በኩል ላለችው ክፍል የመስኮት ፍርግርግ ይሁን አልኩት። አንቺ ሴትዮ አለኝና ሳቀ። ፎቶውን ልኮልኛል። ለፎቅህ ያቆምካቸው ብረቶች ተኝተውና ተጋድመው ተበይደዋል፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል። ጀርባቸው የስፌት መኪኖቼ የሚቀመጡበት ነው። ሌባ ቢመጣ መጀመሪያ ከአንተ ጋር ይገናኛል።

ቆርቆሮው የወጣው ከዘንድሮው ክረምት በፊት ነው። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ የዘነበ ዕለት እንድሪስ ድምፅ ቀድቶ ላከልኝ። ደማም ላይ ሙቀቱ በር አያስወጣም፣ እኔ የማዳምን መጋረጃ እየተኮስኩ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የኮምቦልቻ ዝናብ ሰማሁ። ከዝናቡ ጀርባ የሐያት ድምፅ አለ፤ መዲና፣ ሳፋውን አነሣነው ትላለች። አሁንም መዲና ነው የምትለኝ። ግድ የለም። ስም በስልክ አይቀየርም፣ ሄጄ ነው የምሠራበት።

እንድሪስ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠለትም። የጅዳው ጎረቤታችን ፎቅ ላይ ሰው ሲታይ ፊቱን ያዞራል አሉ። ደረጃውን አፍርሼ ድንጋዩን ለአጥር ላድርገው ብሎኝ ነበር፣ ወዴትም የማይወስድ ደረጃ ምን ያደርግልናል ብሎ። እንቢ አልኩ። የአባቴ ልጅ ብሆንም ሁሉንም ነገር ለሌላ ነገር አላውልም። ደረጃው ይቆያል። ከላይኛው እርከን በላይ የቆርቆሮው ጥላ ስላለ ሐያት ዝናብም ቢሆን እዚያ ተቀምጣ ታነባለች። ላይኛው የአባ ቤት እንደማይሠራ በስልክ አልነገርኳትም። ስገባ አጠገቧ ተቀምጬ ነው የምነግራት። አባትሽ እስከዚህ ድረስ ሠራልሽ፣ የአባ ቤት ማለት የምትተኚበት ነው፣ የእማም ቤት እሱው ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔም ቤት እሱው ነው እላታለሁ። ከዚህ በላይ መውጣት ከፈለገች ግን ትልቅ ስትሆን በራሷ ገንዘብ ታውቅበታለች። ኮለኑ ይችላል፣ አንተ አወፍረኸዋል።

በጣሳዋ ምክንያት ከማዳም ጋር አልተጣላሁም። ኮምቦልቻ ስገባ ጣሳዋ የስፌት ክፍሌ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። ሐያት ተረት በተናገረች ቁጥር የማን እንደሆነ እነግራታለሁ፤ ይህ የባቲው አያትሽ ነው፣ ይህ የሐይቁ አያትሽ ነው፣ ይህን ደግሞ አባትሽ ኹበር ባሕር ዳር ዓሣ ሊገዛ ሲል ይለው ነበር እላታለሁ። የሁለታችንንም ሳላጎድል እነግራታለሁ፤ መቆጠብንም፣ መወርወርንም። እስካለሁ ድረስ አንተ ከዚያ ቤት ወሬ አትጠፋም፣ ይህን ቃሌን ያዝ።

እንድሪስን በአባታችሁ ተረት አፉን ስለዘጋሁ፣ ከእረፍት እንደተመለስኩ ጣሳዋ ውስጥ ሪያሌን ጥያለሁ። ሕግህን አልሰበርኩም። ዛሬ ግን ይህን ሁሉ ስጽፍልህ ቆይቼ ሳስበው፣ ይህ ራሱ መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ጋር የተደረገ ክርክር ነው። ልክ ነሽም፣ ተሳስተሻልም ልትለኝ አትችልም። ስለዚህ ደብዳቤውን ስጨርስ ተነስቼ ሌላ ሪያል እጥላለሁ።

ሚስትህ መዲና
ደማም፣ አል ፈይሰሊያ